ቅዳሜ ቅዳሜ የሚድን ወገብ

«ወንድምሽ የተባረከ ሰው ነው» አለ ሥጋ ሻጩ። ለመንጃ ፈቃድ የሚሆን ጉርድ ፎቶ ሊነሳ መጥቶ ነጩ መጋረጃ ፊት በርጩማው ላይ ተገትሯል። «አማቱን በጀርባው አዝሎ ከሦስተኛ ፎቅ ሲያወርዳቸው ሱቄ በር ላይ ቆሜ አያለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ነው፣ ፀሐይ ሊያሞቃቸው። እንዲህ ያለ አማች ዛሬ በስንት ጸሎት ይገኛል?» ፎቶ አንሺዋ «ቀና በል፣ አፍህን ግጠም» አለችውና ቁልፉን ተጫነች። ፎቶው ተንቀሳቅሶ ወጣ። ሰውየው ምን በወጣው፣ እንደ ምሰሶ ተተክሎ ነበር፤ የተንቀሳቀሰችው እሷ ናት። ይቅርታ ጠይቃ ደግማ አነሳችው፣ ቆርጣ በፖስታ ሰጠችው። ሲወጣላት በሩን ዘጋችና በርጩማው ላይ ራሷ ተቀምጣ «አዝሎ» አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለመጋረጃው።

ሰፈርተኛው «ጉርዷ» ነው የሚላት። ሲጠየቁ ጉርድ ፎቶ ስለምታነሳ ነው ይላሉ፤ ቁመቷን አይተው እንደሆነ እሷም ታውቃለች፣ ከፍቷትም አያውቅም። የከፋት አምና እናቷ ወድቀው ዳሌያቸው የተሰበረ ጊዜ ነው። እናትየው የሚኖሩት ሁለተኛ ፎቅ፣ ደረጃው ጠባብ፣ እሳቸው ግዙፍ፣ እሷ ደግሞ ያቺው ጉርድ። አዝላ ልታወርዳቸው ሞክራ ገና መጀመሪያው ደረጃ ላይ ሁለቱም ሊያልቁ ነበር። ወንድሟ ግን በር የሚሞላ ሰው ነው። ያ በር የሚሞላ ሰው፣ እናቱ ከሐኪም ቤት በወጡ በሳምንቱ ወገቡን በሁለት እጁ ይዞ እያቃሰተ ገባና «የዲስክ መንሸራተት ነው፤ ሐኪሙ ከብርጭቆ የከበደ ነገር እንዳታነሳ ብሎኛል» አለ። ማን ምን ይለዋል? የሰው ወገብ ተከፍቶ አይታይ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ እናትየው ፀሐይ አልነካቸውም። የመኝታ ቤታቸው መስኮት የሚያሳየው የጎረቤት ግድግዳ ነው፣ ዝናብ ያጎደፈው ግራጫ ግድግዳ። ጉርዷ ጠዋት ጠዋት ገላቸውን ስታጥባቸው፣ ጀርባቸው እንዳይቆስል ስታገላብጣቸው፣ እሳቸው ዐይናቸውን ጨፍነው «የልጄን ወገብ ማርልኝ» ይላሉ። የራሳቸውን ዳሌ እንኳ የሚያነሱት ከዚያ ቀጥሎ ነው። ላጠበቻቸው እጅ ጸሎት የለም። ይኼን በሰማች ቁጥር አንጀቷ ያር ነበር፤ ግን በታመመ ሰው አይቀናም ብላ ትውጠዋለች።

እና አሁን ታመመ የተባለው ወገብ ሦስት ፎቅ ሙሉ አማት ያወርዳል። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይባላል፤ ይኼኛው ግን ዥንጉርጉርነት አይደለም፣ ዐይን ያወጣ ውሸት ነው። ሥጋ ሻጩ ከነገራት በኋላ በቀጣዩ ቅዳሜ በስልኳ ልትይዘው ሞክራ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ሆና አነሳችው፤ ልታቀርበው ስትስበው ሰውየው ቡናማ ነጠብጣብ ሆነ፣ አማትየዋ ደግሞ የተሞላ ከረጢት። ለአጎቷ ብታሳይ የወንድሟ ሚስት አንገቷን ሰበር አድርጋ «እህቴ ደክሟታል መሰለኝ፤ ዛሬ በኮምፒውተር የማይቀናበር ምን አለ?» አለች፤ አጎትየውም ራሳቸውን ነቀነቁ። አጎትየው፣ የእናቷ ወንድም፣ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። ከችሎት ከወረዱ ቆይተዋል፣ ቤተሰቡ ግን አላወረዳቸውም፤ እሳቸው የፈረዱት ይጸናል። የፊታችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በእናትየው ክፍል ተሰብስበው ሊፈርዱ ነው። ወንድሟ ከከተማ ወጣ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ አልጋ አስይዟል፣ ከሰኞ ጀምሮ። «እኔ ወገቤ የለ፣ እሷ ጉልበቷ የለ» ነው ምክንያቱ። እናትየው ሲነገራቸው «እናንተ እንዳላችሁ» ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ ያን ቀን ምሳ አልበሉም። ጉርዷም ጥርሷን የነከሰችው ያን ቀን ነው። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይሉ የለ፤ እሷ ጸሎቱን ተወችው፣ ቂሙን ያዘች።

ቅንብር ነው የማይባል ፎቶ የፊልም ፎቶ ነው። ነጌቲቩን መስኮት ላይ ይዘህ «ና ተመልከት» ትላለህ፣ አለቀ። የአባቷ የፊልም ካሜራ በአሮጌ ሹራብ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ውስጥ አለ። የጎደላት ሩቁን የሚያቀርብ ሌንስ ነበር። አዲሱ የሚታሰብ አይደለም፤ ስለዚህ ደረጃ ሥር ተቀምጦ ሬድዮና ካሜራ የሚጠግነው ሰውዬ ጋ ሄደች። ከመሳቢያው ሥር ጎትቶ አንድ አወጣላት፣ ረጅም፣ ከባድ፣ ጥቁር ቀለሙ ጠርዝ ጠርዙ ላይ የተላጠ። ዋጋው ለጫማ ያስቀመጠችውን ገንዘብ በላው፤ ጫማው ይቅር አለች። ጠጋኙ ግን በሐቅ ነው የሸጠላት። «ውስጡ ትንሽ ሻጋታ ይዟል፣ ለሥራ አይከለክልም። ፀሐይ ፊት ለፊት ከመጣችበት ግን ሁሉን ነገር ወተት ያደርገዋል፤ ፀሐይን ከኋላሽ አድርጊ። ስትስቢው ያቀርባል፣ ስትገፊው ያርቃል። ወደ ታች ካዘነበልሽው በገዛ ክብደቱ ይንሸራተታል፣ ይኼን እወቂ።» ይኼኛው መንሸራተት እንኳ እውነተኛ ነው አለች በልቧ። «ደግሞ» አለ ጠጋኙ በጨርቅ እየወለወለው፣ «አጠገብሽ ያለን ሰው አንሺበት ብትዪው እምቢ ይላል፤ ራቅ ካላልሽ አያይም። እንዳንዳንድ ዘመድ ነው፣ ሩቁን እንጂ ቅርቡን አያውቅም።» ጉርዷ «ግድ የለም፣ ለምጄዋለሁ» ብላ ከፈለች።

ቅዳሜ ጠዋት እናቷን አጠበች፣ አገላበጠች፣ ጸሎቱንም ሰማች። «የልጄን ወገብ ማርልኝ» ሲሉ ለመጀመሪያ ጊዜ «አሜን» አለች፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ። እናትየው ዐይናቸውን ገለጥ አድርገው አዩዋትና መልሰው ጨፈኑ። ቦርሳዋን አንስታ ልትወጣ ስትል ግን «የአባትሽን ካሜራ አወጣሽው?» አሏት። «አዎ።» «ምን ልታነሺበት?» የቦርሳውን ማንገቻ ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። «ወፍ።» ከታች ፎቅ ያለችውን ልብስ ሰፊ ጆሮዋን ወደ ላይ እንድትጥል አደራ ብላ ወጣች።

የወንድሟ ሕንጻ ደረጃው በውጭ በኩል ነው፣ ግድግዳው ላይ እየተጠማዘዘ የሚወርድ የብረት ደረጃ። ትይዩው ያለው ሕንጻ ጣሪያው ጠፍጣፋ ነው፣ ልብስ ይሰጣበታል። ጥበቃውን «ወፍ ላነሳ ነው» አለችው። «እዚህ ያለው ርግብ ብቻ ነው» አላት። «እሱኑ ነው» አለችና ወጣች። ከእርጥብ አንሶላዎች መሐል ገብታ ተንበረከከች፣ ክርኗን የጣሪያው መከታ ላይ አስደገፈች፤ እንዲህ ያለ ረጅም ሌንስ የእጅ መንቀጥቀጥ አይምርም። ፀሐይን ከኋላዋ አደረገች። የሌንሱ ቱቦ እንዳይንሸራተት ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ የቆረጠችውን ላስቲክ ጠመጠመችበት። ከዚያ ጠበቀች። በሌንሱ ውስጥ የወንድሟ በር እጅ ቢዘረጉ የሚነካ ይመስላል፤ እጀታው፣ የእግር መጥረጊያው፣ መስኮቱ ላይ ያለው የአበባ ማሰሮ፣ ሁሉም አፍንጫዋ ሥር ነው። እናቷ ቤት ከመጣ ወራት ያለፈው ሰው፣ ደጁ ላይ የእናቱን ክፍል የሚያህል ፀሐይ ተዘርግቷል። ይኼን ስታይ ደሟ ፈላ።

በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ የወጣው ጃንጥላ ነው፣ ሰማያዊ፣ ከዚያ ወንድሟ፣ ጀርባው ላይ አማቱ። አማትየዋ ከእናቷ ቢከብዱ እንጂ አይቀሉም። ጃንጥላውን በአንድ እጃቸው ለሁለቱም ይዘዋል፣ በሌላው አንገቱን አቅፈዋል። ጉርዷ ቁልፉን ተጫነች። ልክ ስትጫን ላስቲኩ ከዳት፤ ቱቦው ሸተት አለና ወንድሟ አውራ ጣት አክሎ ከነሕንጻው ራቀ። ረገመች፣ ጠጋኙንም ላስቲኩንም ራሷንም። መልሳ ሳበችው፣ በጣቶቿ ጨምድዳ ያዘችው። ምስሉን አስተካክላ እስክታጠራው እሱ መታጠፊያውን ዞሯል፤ የሚታየው ጀርባው ብቻ ነው። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው ብላ ጀርባውንም አነሳችው። ግን ፊት የሌለው ፎቶ ለዳኛ ምን ይሠራል? የቀረው የመጨረሻው መውረጃ ብቻ ነው። ትንፋሿን ያዘች። ዞረና ፊቱን ሙሉውን ሰጣት፣ ያልተላጨው ጢሙ ሥር እንኳ ይታያል፤ ተጫነች። አማትየዋ ከኪሳቸው የብርቱካን ክፋይ አውጥተው ከኋላ አፉ ውስጥ ጨመሩለት። ሳቀ። ተጫነች።

ያንን ሳቅ ታውቀዋለች። ልጆች ሳሉ እሷን ትከሻው ላይ አድርጎ ግቢውን ሲያዞራት የሚስቀው ሳቅ ነው። ከዚያ ወዲህ አላየችውም፣ የት እንደገባም አስባ አታውቅም፤ ለካ እዚህ ነበር። እግሩን ደግሞ አየች። በየደረጃው እግሩን ቀድሞ ያስቀምጣል፣ ይሞክረዋል፣ ከዚያ ነው ክብደቱን የሚጥለው። ጥሩ ተሸካሚ ነው። እያማረረ፣ እየተነጫነጨ ቢያወርዳቸው ኖሮ ምናልባት ታዝንለት ነበር። ጥሩ መሆኑ ነው ያቃጠላት። «ቆይ» አለች በአንሶላዎቹ መሐል፣ «ቆይ ብቻ።»

ፎቶ ቤቱ ጓዳ ውስጥ ከዱሮ የቀረ ጨለማ ክፍል አለ፤ አሁን መጥረጊያና ባልዲ ነው የሚያድርበት። ዕቃውን አወጣች፣ የበሩን ሥር በጨርቅ ወተፈች። በጨለማው ካሜራውን ከፍታ ያነሳችበትን ፊልም በመቀስ ቆረጠች፣ ያልተነካውን ትርፍራፊ መልሳ ለካሜራው አጎረሰችው። ይኼ የአባቷ ትምህርት ነው፣ ፊልም አይጣልም። አጠበች፣ በፀጉር ማድረቂያ አደረቀች፣ ትልቁ ወረቀት ላይ አወጣችው። ወረቀቱ መድኃኒቱ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የታየው የወንድሟ ፀጉር ነው፣ ቀጥሎ ጃንጥላው፣ መጨረሻ ላይ ያ ሳቅ። ሻጋታው ዳር ዳሩን ትንሽ ጭጋግ ጥሎበታል፤ መሐሉ ግን ጥርት ያለ ነው። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ምሳዋን መብላት እንኳ ረሳች።

ከሰዓት በኋላ ስትደርስ ሁሉም ተቀምጠዋል። ብቸኛውን ባለ መደገፊያ ወንበር አጎትየው ይዘውታል። የወንድሟ ሚስት አልጋው ግርጌ ቁጭ ብላ የእናትየውን እግር በብርድ ልብሱ ላይ ታሻለች፤ ሰው ሲኖር የምታሸው እግር ነው። ወንድሟ በሸሚዙ ላይ ሰፊ የወገብ ቀበቶ ታጥቆ፣ ከጀርባው ትራስ አድርጎ፣ በተነቃነቀ ቁጥር «እህህ» ይላል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። አጎትየው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ሁሉም ወገን ተሰምቷል» አሉ። ሁሉም ወገን ማለታቸው ባልና ሚስቱን ነው። «ወንድምሽ ጤና ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ነበር። ሰው በሌለው ጉልበት አይፈረድበትም። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት…»

«አጎቴ፣ እኔም ማስረጃ አለኝ» አለች ጉርዷ፣ ፎቶውንም ጉልበታቸው ላይ አስቀመጠች። «የዛሬ ጠዋት ነው።»

መነጽራቸውን አወጡ፣ ጠረጉ፣ አደረጉ። ሚስትየዋ አንገቷን አስግጋ አየችና ጊዜ ሳታጠፋ «ይኼው፣ ደግሞ ቅንብር» አለች። ጉርዷ ቀኑን ሙሉ ይህችን ቃል ነበር የምትጠብቀው። ነጌቲቩን ከቦርሳዋ አውጥታ ለአጎቷ ሰጠቻቸው። እሳቸውም ተነስተው ወደ መስኮቱ ያዙት፤ ያ የጎረቤት ግድግዳ በዕድሜው አንድ ቀን ጠቀመ። ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆኖ ወንድሟ በተርታ ይወርዳል፣ አማቱም ከነጃንጥላቸው። አጎትየው እያንዳንዱን ምስል በጣታቸው እያስከተሉ ረጅም ጊዜ አዩ። «ይኼ አይቀናበርም» አሉ በመጨረሻ። ወንድሟ «እህህ» ማለቱን ረሳው።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ማስታገሻ ይወስዳል» አለች ሚስቱ ቶሎ ብላ። «ለዚያች ቀን ብቻ ነው ሻል የሚለው።»

«እስቲ ወዲህ በሉልኝ» አሉ እናትየው ከአልጋው። ፎቶውን ሰጧቸው። በሁለት እጃቸው ይዘው አዩት፤ ከታች የልብስ ሰፊዋ መኪና ይሰማል። ያኔ ነው ጉርዷን ያላሰበችው ፍርሃት የያዛት። በቀሉ ለወንድሟ ነበር፣ ለእሳቸው አልነበረም፤ አሁን ቢያለቅሱ ምን ይውጣታል? እናትየው ግን አላለቀሱም። በጣታቸው የልጃቸውን ፊት ዳሰሱ፣ ቀጥሎም ጃንጥላውን። «ዳነልህ?» አሉት። «ጠዋት ጠዋት ስጸልይልህ ነበር፣ እህትህ ትመስክር። ተሰማልኝ ማለት ነው።»

«እማዬ፣ እኔ እኮ…»

«ሚስትህ ቅዳሜ ቅዳሜ ይሻለዋል አላለችም?» ፎቶውን ትራሳቸው ላይ አኖሩና ብርድ ልብሱን ከላያቸው ገፈፉት። «ዛሬም ቅዳሜ ነው። በል ጎንበስ በል።»

ወንድሟ አጎቱን አየ፤ አጎትየው ነጌቲቩን እየጠቀለሉ «የሰኞው ነገር ቀርቷል» አሉ። ሚስቱን አየ፤ ሚስቱ ወለሉን ታያለች። የወገብ ቀበቶውን ፈቶ ወንበሩ ላይ ጣለና ጎንበስ አለ። ጉርዷ እናቷን ከኋላ ደግፋ አሳዘለችው። በጠባቡ ደረጃ ሲወርድ እግሩን ቀድሞ ያስቀምጣል፣ ይሞክራል፣ ክብደቱን ይጥላል። ያው ነው፣ ምንም የጎደለው ነገር የለም። ይኼን ሁሉ ጊዜ ይችል ነበር።

ግቢው ውስጥ የከሰዓቱ ፀሐይ ገና አልሄደችም። ጉርዷ ወንበር ይዛ ቀድማ ወርዳ ነበር። ወንድሟ ሊያስቀምጣቸው ወደ ወንበሩ ሲጠጋ እናትየው አንገቱን ጠበቅ አደረጉት። «የለም፣ እስከ በሩ ውሰደኝ።» ወሰዳቸው። «አሁን መልሰኝ።» መለሳቸው። «እንደገና።» ልብስ ሰፊዋ ክሩ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ብቅ አለች፣ ጎረቤቶቹም በየመስኮታቸው። እናትየው ከልጃቸው ጀርባ ላይ ሆነው ለእያንዳንዱ «እንደምን ዋላችሁ፤ ልጄ ወገቡ ድኖለት እኮ ነው፣ ደስ ይበላችሁ» ይላሉ፣ ሳይቸኩሉ፣ አንድ ሰው ሳይዘሉ። «ተመስገን ነው» ይላሉ ሰዎቹ፣ ወገቡን አይተው እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። ሚስቱና አጎትየው ደረጃው ሥር ቆመው ይሰማሉ። የወንድሟ ሸሚዝ ጀርባው ላይ ረጠበ፣ ጆሮው ቀላ። ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር፤ ግን እናቱን ተሸክሞ ወዴት ይገባል።

ጉርዷ ካሜራውን አነሳች። እምቢ አላት፤ ሁለቱም ጭጋግ ናቸው። ቅርቧ ናቸዋ፣ ጠጋኙ ነግሯት ነበር። ወደ ኋላ ሄደች፣ ደግሞ ወደ ኋላ፣ ጀርባዋ የግቢውን ግንብ እስኪነካ። ያኔ ጠራላት። የወንድሟ ፊት ላብ ነው፣ ዐይኑ መሬት ላይ ተተክሏል። ከትከሻው በላይ ያለውን የእናቷን ፊት ስታይ ግን ጣቷ ቁልፉ ላይ ቀረ። ጠዋት ጠዋት ዐይኑን ጨፍኖ የሚለምነው ፊት አይደለም። ዐይናቸው ተገልጧል፣ ደርቋል፣ ከንፈራቸው ተገጥሟል። ይኼ ፊት እሷ ሰሞኑን መስታወት ውስጥ የምታየው ፊት ነው። ለካ እማዬም ታውቅ ኖሯል፣ ምናልባት ወገቡን ይዞ ከገባባት ቀን ጀምሮ፤ እያወቀች ነው በየማለዳው ወገቡን ጠርታ የምትጸልይለት። ጉርዷ በሕይወቷ እንዲህ ለእናቷ ቅርብ ሆና አታውቅም። ተጫነች። ፊልሙ አለቀ፣ ማዞሪያው አልሄድም አለ።

ካሜራውን አንገቷ ላይ ለቀቀችው። ሄዳ ለእናቷ ባወጣችው ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ያረጀ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ዘረጋች። ፀሐይዋ ጉልበቷ ላይ አረፈች። «እማዬ፣ አልደከመሽም?» አለች በፊቷ ሲያልፉ።

«እኔ ምን ሠርቼ» አሉ እናትየው። «ገና የአምናውን ቅዳሜ አልጨረስነውም። በል ልጄ፣ ዙር።»

ዞረ።